ስምን ጠበቃ ሲያወጣው

የእኛ ዕድሜ ልጆች «ኳራንቲን» የሚለውን ቃል የለመድነው በኮሮና ሰሞን ነው። ከውጭ የገባ መንገደኛ ሆቴል ተዘግቶበት ቀን ሲቆጥር። ቃሉ የሐኪም ቤት ነው፤ «ለጤናህ ብለን ነው» የሚል ደግነት አለበት። ታዲያ ይኸው ቃል ከስልሳ ዓመት በፊት በጦር መርከቦች ላይ ተለጥፎ ነበር ብንላችሁስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በቴሌቪዥን ቀርበው ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የኒውክሌር ሚሳይል እየተከለች መሆኗን ለሕዝባቸው ነገሩ። ማጥቂያ መሣሪያ ጭኖ ወደ ኩባ የሚሄድ መርከብ ሁሉ መንገድ ላይ እንደሚመለስም አስታወቁ። ማንም ተራ ሰው ይህን «የባሕር እገዳ» ይለዋል። ኬኔዲ ግን «ኳራንቲን» አሉት። ለምን?

መልሱን ለማግኘት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። በኤፕሪል 1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር አብርሃም ሊንከን የደቡቦቹን ወደቦች በባሕር ኃይል እንዲታገዱ አወጁ። እዚህ ላይ ጣጣ መጣ። ሊንከን ደቡቦቹን «አመፀኞች» እንጂ አገር አይሏቸውም፤ አገር ደግሞ የራሱን ወደብ ይዘጋል እንጂ አያግድም። እገዳ የሚጣለው በጠላት ላይ ነው። እንግሊዝ ወር ሳይሞላ ገለልተኛነቷን አወጀች፤ ይህም «ሁለታችሁም ተዋጊዎች ናችሁ» ማለት ነበር። መርከባቸው የተወረሰባቸው ነጋዴዎች «ምክር ቤቱ ጦርነት ሳያውጅ በምን ሕግ?» ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1863 በአምስት ለአራት ድምፅ ለሊንከን ፈረደ። ምክንያቱ ግን የሚገርም ነው፤ የእገዳው አዋጅ ራሱ ጦርነት መኖሩን ያረጋግጣል አለ።

ኬኔዲና የሕግ ሰዎቻቸው ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። «እገዳ» ካሉ ጦርነት ውስጥ መግባታቸውን በአፋቸው መሰከሩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ያወጣው ጠበቃ ነው።

ለእውነቱ ስንል አንድ ነገር እንመን። ስሙ ባዶ ማታለያ ብቻ አልነበረም። ኳራንቲኑ ምግብና መድኃኒት አልከለከለም፤ ለክሩሽቼቭም መመለሻ በር ትቶላቸዋል። በኦክቶበር 28 ሚሳይሎቹን ለማንሳት ሲስማሙ ማንም ጦርነት አላወጀም ነበር።

ባሕሩ ውስጥ ግን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በአንድ ቀን ቀደም ብሎ የአሜሪካ መርከቦች ቢ-59 የተባለውን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ለማስወጣት የማስጠንቀቂያ ፈንጂ ይጥሉበት ነበር። መርከቡ የኒውክሌር ቶርፔዶ መያዙን አላወቁም። ውስጡ ከነበሩት መኮንኖች አንዱ በኋላ እንደተረከው አዛዡ ሊተኩስ ተነሥቶ ነበር፤ ያበረዱት ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባሉ መኮንን ናቸው። እነዚያን ሰዎች «አይዟችሁ፣ ኳራንቲን እኮ ነው» ብሎ ማጽናናት ይቻል ነበር?

ሌላም ታሪክ አለ። በሜይ 1967 ግብፅ የቲራንን ሰርጥ ለእስራኤል መርከቦች ዘጋች። ግብፅ «የራሴ ውኃ ነው» አለች፤ እስራኤል «ይህ የጦርነት ድርጊት ነው» አለች። በጁን 5 የእስራኤል አውሮፕላኖች የግብፅን የአየር ማረፊያዎች ደበደቡ። ማን ጀመረው የሚለው ክርክር የመጀመሪያዋ ቦምብ ላይ ሳይሆን የተዘጋው ሰርጥ ላይ ወደቀ፤ እስካሁንም አልተቋጨም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1974 ወረራ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የሌላን አገር ወደብና ዳርቻ በጦር ኃይል ማገድን በግልጽ ዘረዘረው። ልብ በሉ፤ የድርጅቱ ቻርተር ያንኑ እገዳ የጸጥታው ምክር ቤት ካዘዘው ይፈቅደዋል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ያዘዘው ነው።

እኛ ወደብ የሌላት አገር ልጆች ነንና ይህ የሩቅ ወሬ ሊመስለን ይችላል። ግን ነዳጃችን የሚመጣው በባሕር ነው፤ መርከብ ሲቆም የታክሲ ሰልፉ እኛው ጋ ይረዝማል።

ጋዜጠኝነት ስንማር «መንግሥት የሰጠውን ስም እንዳለ አትቅዱ» ተብለን ነበር። ስለዚህ የእኛ መለኪያ ቀላል ናት። እገዳ ይባል፣ ኳራንቲን ይባል፣ ፍተሻ ይባል፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «አልቆምም» ያለ መርከብ ምን ይደረጋል? መልሱ «ይተኮስበታል» ከሆነ፣ ለእኛ ያ የጦርነት ድርጊት ነው። ትክክለኛ ይሁን አይሁን ከዚያ በኋላ እንከራከር፤ መጀመሪያ ግን በስሙ እንጥራው።