የፕሬስቢ ምኞትና የአይሪስ አትክልት

ሰው ሲሞት ንብረቱን የሚወርስ አይጠፋም፤ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል። ምኞቱን የሚወርስ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ምኞት ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እኔ ከዚህ የተለየ ነገር ያየሁት በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሞንትክሌር በምትባል ከተማ ነው። ከምኖርበት ስፍራ ሩቅ ስላልሆነ በየዓመቱ በግንቦት ወር አበባውን ለማየት እወጣለሁ።

በዚያች ከተማ ፍራንክ ፕሬስቢ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። አይሪስ የተባለውን አበባ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱ፣ በ1920 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩ ናቸው። አይሪስ በግሪክ ቋንቋ ቀስተ ደመና፣ እኛ የማርያም መቀነት የምንለው ማለት ነው፤ አበባውም ከደማቁ ቀይ በቀር የማያወጣው ቀለም የለምና ስሙ ይገባዋል። ከተማይቱ ለሕዝብ መናፈሻ የሚሆን መሬት በተራራው ወገብ ባገኘች ጊዜ ፕሬስቢ ከሚወዷቸው አይሪሶች ለመናፈሻው ሊሰጡ አሰቡ፤ ነገር ግን አሳባቸውን ሳይፈጽሙ በ1924 ዓ.ም. ሞቱ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ማንም ማንንም ባልወቀሰ ነበር፤ የሞተ ሰው ተነሥቶ «ያልኩት የት ደረሰ?» ብሎ አይጠይቅምና። የከተማይቱ ሰዎች ግን ኮሚቴ አቁመው በ1927 ዓ.ም. በስማቸው የአይሪስ አትክልት ቦታ መሠረቱ። የአይሪስ ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ዊስተር፣ ሙያቸው አትክልት ቦታ መንደፍ ነበርና፣ ዕቅዱን አወጡ። ቤታቸው ከቦታው አጠገብ የነበረው እመቤት ባርባራ ዋልተር ደግሞ ሃምሳ ዓመት ያህል ጠበቁት። ሃምሳ ዓመት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

መትከልስ የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ ንግግር ተደርጎ፣ ተጨብጭቦ ያልፋል። የአይሪስ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥሩ እንደ ዝንጅብል ወፍራምና ቅርንጫፋም ሆኖ በመሬት ፊት ላይ ይሳባል፤ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ውስጥ ተራብቶ እርስ በርሱ ይተናነቃል፤ አበባውም ያንሳል። ስለዚህ አበባው ካለፈ በኋላ በሐምሌ ሐሩር ተቆፍሮ ይወጣል፤ አሮጌው ተቆርጦ ይጣላል፤ ወጣቱ ተከፋፍሎ እንደገና ይተከላል። ከ10,000 በላይ ተክል ባለበት ቦታ ይህ ሥራ መቼም አያልቅም። ከሚሠሩትም ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው፣ ጓንታቸውን ከየቤታቸው ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። በአገራችን ደቦ የምንለው ነው፤ ልዩነቱ ማታ ጠላ አለመኖሩ ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ስለ ምን ይደክማሉ? አበባ ለማየት ብቻ ቢሆን በየዓመቱ ከገበያ አዲስ ገዝቶ መትከል ይቀል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት አይሪሶችን አዳቅሎ አዲስ ዓይነት ሲያገኝ፣ ያች አዲሲቱ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት። ዘሯ ቢዘራ እርሷን ራሷን አይመልስም፤ የምትቀጥለው ሥሯ ሲከፈል ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ስም የወጣላት አይሪስ ዛሬ ካበበች፣ በመካከሉ ከእጅ ወደ እጅ ስትከፈል ኖራለች ማለት ነው። አንድ ትውልድ ቸል ቢላትና የመጨረሻዋ ሥር ብትበሰብስ፣ ገንዘብ ያለውም ሊቅ የሆነውም አይመልሳትም። በሞንትክሌር ከ1500ዎቹ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ዓይነቶች የተተከሉበት መደብ አለ። በየተክሉ አጠገብ ስሟ፣ ያዳቀላት ሰውና ዓመቱ የተጻፈበት ምልክት ቆሟል። ከሩቅ ሳየው መጀመሪያ የመቃብር ቦታ መስሎኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የኤሴክስ አውራጃ አስተዳደር ቦታውን ከመናፈሻዎቹ ጋር ደመረው። በፈቃድ የሚሠራ ነገር መንግሥት ሲገባበት ይበላሻል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ፍቅር ብቻውን የውኃ ሒሳብ አይከፍልም እላለሁ። የዜጎቹ ኮሚቴም ከዚያ ወዲህ ሥራውን አልተወም።

እኔም በአንድ ዓመት አንዲት የአይሪስ ሥር ገዝቼ በግቢዬ ተከልኩ። ብርድ እንዳያገኛት አዝኜላት ብዙ አፈር አለበስኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል እንጂ አበባ አላየሁም። በዚህ ሙያ ለሸበቱ አንዲት እመቤት ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁና፣ «ጀርባዋ ፀሐይ ይፈልጋል፤ አንተ በቁሟ ቀብረሃታል» አሉኝ። አውጥቼ ለሦስት ከፈልኳትና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥቼ መልሼ ተከልኳት። በሁለተኛው ግንቦት ወይን ጠጅ መልክ ያለው አበባ አወጣች። ስሟን የጻፍኩበትን እንጨት ግን በበረዶው ወራት ደጄን ስጠርግ አካፋዬ ወስዶት ኖሮ፣ ማን እንደ ሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።