ዜና ነገረ ርስት ዘየጁ

የድኃውን ጩኸት የሚሰማ፣ የፈሰሰውንም ደም የማይረሳ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ረድኤት በወሎ የሚኖረውን የየጁን ባላገር ዜና፣ በወልድያና በመርሳ፣ በሀብሩም የሆነውን እንጽፋለን፤ ከኋላችን የሚመጡ ልጆች ጠይቀው መልስ እንዳያጡ።

ጣልያን ከአገር በወጣ በ7ኛው ዓመት ግድም፣ በ1940 ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የወሎም ገዥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሳሉ፣ የየጁን ባላገር ታላቅ ጭንቅ አገኘው። አባቱ ያረሰው፣ አያቱ የተቀበረበት መሬት ከእጁ ወጥቶ ለሌላ ሆነ። ርስት ለባላገር ጤፍና ማሽላ ማብቀያ ብቻ አይደለም፤ የስሙ መጠሪያ፣ የዘሩም መቁጠሪያ ነው። ርስቱን የተነጠቀ ሰው በአገሩ ላይ እንግዳ ሆኖ ያድራል።

ባላገሩም አስቀድሞ መሣሪያ አላነሣም። አቤት አለ፤ ሰሚ ግን አጣ። ያን ጊዜ ቀኛዝማች መላኩ ታዬና ኡንዳ መሐመድ ከሕዝቡ ፊት ቆሙ። ስማቸውን የሰማ ሰው የወሎን ጠባይ ያውቃል፤ ባለ ማተቡና ሰጋጁ ስለ አንድ መሬት አንድ ሆነው ተነሡ። ወህኒ ቤትም ሰብረው እስረኞችን ፈቱ። መንግሥትም ጦር አዘመተባቸው፤ አመፁም በኃይል ተሰበረ። ቁስሉ ግን አልሻረም፤ በ1962 አካባቢ የጁ በዚሁ በመሬት ነገር ዳግመኛ ተነሣ፤ ዳግመኛም በኃይል ጸጥ ተደረገ።

በ1967 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የካቲት 25 ቀን የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። አዋጁ ስለ መሬቱ ተናገረ፤ መሬቱን በመጠየቁ ስለ ወደቀው ሰው ግን ቃል አልነበረበትም። ማን ተኩሱ አለ? ማን ወደቀ? ቤተሰቡስ ምን በላ? ይህ ጥያቄ ለየቤቱ ቀረ።

ደግሞም በ2010 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ የጸጥታ ኃይሎች በወልድያ በዓሉን በሚያከብረው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ቢያንስ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ነጭ ለብሰው የወጡ በከፈን ተመለሱ። ሁከቱም ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተሻግሮ የሌሎችም ነፍስ ጠፋ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮም ነገሩ እንዲመረመር ጠየቀ። የዚህ ቀን ምክንያት ርስት አልነበረም። ነገር ግን ስለ አያቶች ደም ያልተጠየቀ መንግሥት በልጅ ልጆች ላይ እንዳይተኩስ ምን ይከለክለዋል?

በ2016 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጸደቀ። በውስጡም ክስ፣ እውነትን ማፈላለግ፣ ማካካሻ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረትና የተቋማት ማሻሻያ ተጻፈ። እንግዲህ እውነት የሚፈለግ ከሆነ ፍለጋው የጁንም ይድረስ። በአመፀኞቹ ላይ የዘመተው ጦር ትእዛዝ፣ የፍርድ መዝገብም ቢኖር፣ ካለበት ይውጣ። ካባቱ አፍ የሰማ ሽማግሌ ሳያልፍ ቃሉ ይጻፍ። የወልድያና የመርሳ እናቶችም የልጆቻቸውን ነገር በዳኛ ፊት ይናገሩ።

በወሎ ሰው የተገደለ እንደሆነ ሽማግሌ ይገባል። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ደም ይደርቃል። ሳያምን የታረቀ የለም። ባላገር ከባላገር ሲጣላ ይህን ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል፤ መንግሥትም በባላገር ላይ ስላደረሰው በዚሁ ሥርዓት ይቁም። በሽማግሌና በሕዝብ ፊት «እኔ ገደልሁ» ይበል። እስከዚያ ቀን ድረስ የየጁ ደም እርጥብ ነው፤ ይህም ዜና አልተፈጸመም።