የገዳሪፍ ሙቀትና የሲራራው ወር

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ጥንታዊ ነው። ቡና፣ ሰም፣ ባሪያም ሳይቀር ወደ ሱዳን ሲያልፍበት፣ ጥጥ ወደ ደጋው ይወጣበት ነበር። ነጋዴው ግን በፈለገው ወር አይወርድም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ንዳዱም ይነሣል፤ ስለዚህ ገበያው የበጋ ገበያ ነበር። ንዳድ ያለው በአብዛኛው ዛሬ ወባ የምንለውን ሲሆን፣ በትንኝ ፈንታ በቆላው አየር ያሳብብ ነበር። ምክንያቱን ቢስትም ወቅቱን አልሳተም።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስትል ገዳሪፍ 600 ሜትር ያህል ብቻ ናት። በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ቴርሞሜትሩ ዝቅ ስለሚል ሰው ተገላገልን ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። መምህራን ይህን በሁለት ቴርሞሜትር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ ማራገብ ነው። የሁለቱ ልዩነት በጠበበ መጠን የላብ ጥቅም ይቀንሳል። እርጥቡ 35 ዲግሪ ቢያሳይ ጤናማ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቋቋመውም፤ ለሚያርምና ለሚሸከም ሰው ከዚያ በብዙ ያነሰውም አደገኛ ነው። በከተማ ደግሞ ጡቡና ድንጋዩ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልሱ፣ በቆርቆሮ ቤት የሚያድር የቀን ሠራተኛ ሳያርፍ ይነጋበታል። የሣር ጎጆ በዚህ ይሻላል።

ስደተኛ ግን ወር አይመርጥም። በ1977 ዓ.ም. በረሀብና በጦርነት የተነሡ ብዙ ሺህ ደገኞች በምሥራቅ ሱዳን ወድ ኮውሊና ኡም ራኩባን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ሰፈሩ። በኡም ራኩባ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ሞቱ። ሙቀቱ ብቻውን ገደላቸው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ በጣቢያዎቹ ሕዝቡን የፈጀው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የምግብ እጦት ነው። ሆኖም በተቅማጥ የደረቀ ሕፃን የቀረችውን ውሃ በላብ ያጣል። በወድ ኮውሊ የመጠጥ ውሃው ስላልበቃ ብዙዎቹ እንደገና ወደ ሌላ ጣቢያ ተጓጓዙ።

ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ነበር። የገቡት በበጋ፣ በሲራራው ወር ነው። የሚያዝያው ሙቀትና የሰኔው ዝናብ ግን እዚያው በድንኳን እንዳሉ ደረሰባቸው።