ከኬላ እስከ ባቡር ጣቢያ፤ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መስመር ስለ መንገደኛ ፍተሻ

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ስለ ተዘረጋው የምድር ባቡር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ውሉ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ድልድዮቹ ነው። መንገደኛው በጠረፍ ወርዶ፣ ጓዙን ፈትቶ፣ ተራውን ጠብቆ እንዴት እንዳለፈ ግን እምብዛም አይነሣም። በበር ላይ መጠበቅ ከባቡሩ ጋር የመጣ ነገር አይደለም፤ ከባቡሩ ጋር የመጣው የሚጠብቀው ሰው ብቻውን መቆሙ ነው።

በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከመሐል አገር ወደ ባሕር ሲወርድ በየወንዙ መሻገሪያና በየገዢው ወሰን ኬላ ይገጥመው ነበር። በዚያም ጭነቱ ይቆጠራል፤ ቀረጡም ይከፈላል። ይሁን እንጂ ከኬላ ጠባቂው ጋር የሚነጋገረው የሲራራው አለቃ ነበር፤ እርሱም እንደ ስሙ የነጋዴ ራስ፣ ማለት ነጋድራስ ነው። ክርክሩ ቢረዝም ሰዎቹ ጭነታቸውን አራግፈው ያርፋሉ፤ ከብቱም ይግጣል። ከጊዜ በኋላ ግን ነጋድራስነት የመንግሥት ሹመት ሆነ። ስለ ነጋዴው ሲከራከር የኖረው ስም ለቀረጥ ተቀባዩ ተሰጠ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የወሰን ውል ተደረገ፤ በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። እንግዲህ ወሰኑና ሐዲዱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥ በጠቅላላው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ።

በዚህ መስመር ጠረፉ አንድ ሥፍራ ብቻ አልነበረም። ወሰኑ በደወሌ አጠገብ ሲሆን ዋናው ጉምሩክ ግን ድሬዳዋ ነበር፤ በሁለቱም መካከል 200 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሁለቱን ሥራዎች ተራ በተራ ይዘዋል።

ሲራራ ወደ ኬላ የሚደርሰው በየጊዜው ነው፤ ባቡር ግን መንገደኛውን ሁሉ በአንዲት ሰዓት ያራግፋል። በቀድሞዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ እየሄደ በአዋሽና በድሬዳዋ ያድር ስለ ነበረ፣ ጕዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በሳምንታት ይቈጠር ለነበረው ጕዞ ይህ ታላቅ ፍጥነት ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ በፍተሻው ፊት ይቆማል። የወረቀቱ ጉድለት፣ የዕቃው ዋጋ፣ የክርክሩም ቃል የእያንዳንዱ መንገደኛ የግል ጭንቅ ሆነ፤ ስለ እርሱ የሚናገር አለቃ የለውምና።

ሰው ግን አለቃ ቢያጣ ጓደኛ ይፈልጋል። በደወሌና በድሬዳዋ መካከል ይመላለሱ የነበሩት ጥቃቅን ነጋዴዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ልብስ በልብስ ላይ ደርበው፣ የቀረውንም ለተሳፋሪ አካፍለው፣ አንዱ ሸክም የብዙ ሰው ጓዝ እንዲመስል ያደርጉ ነበር። ሕግ ይህን ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ መባሉም ትክክል ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ሲራራው በፉርጎ ውስጥ እንደ ገና መቋቋሙን ያሳያል። ዘመዱ በወሰኑ በሁለቱም ወገን ለሚኖረው ለኢሳ ሕዝብም ጠረፉ የቤተ ሰብን መንገድ የሚያቋርጥ በር ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ በጠረፉ የቆመው መንግሥት ተለወጠ፤ በ1973 ዓ.ም. የባቡሩ ድርጅት የሁለቱ አገሮች ሆነ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ሐዲዱም ባለቤቱም ሲለወጥ ጠረፉ በሥፍራው ቀርቷል። ስለዚህ የመንገደኛው ምሬት ከመዘግየቱ ይልቅ ብቻውን ከመቆሙ የመጣ ነው፤ ኬላው በባቡር ዘመን ሲቀጥል በኬላው ፊት ስለ ሰው የሚናገረው ቀርቷልና።