ማንሣትና መያዝ፦ ከብሪታኒያ ድልድይ እስከ ገልባጭ ተሳቢ



በየግንባታው ሥፍራ አሸዋና ጠጠር የሚደፋውን፣ ካሶኒው በሃይድሮሊክ የሚነሣውን ገልባጭ ተሳቢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእርሱ ላይ ላነሣው የምሻው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሸክምን ማንሣትና ያነሡትን ሸክም ይዞ መቆየት አንድ ሥራ ነውን? ከታሪክ የምናገኘው መልስ «አይደለም» የሚል ነው።

መሠረተ ሐሳቡን የሰጠን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀንስ በየአቅጣጫው ይተላለፋል። በመሆኑም 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፒስተን ላይ የተጫነ 10 ኪሎ ግራም፣ ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነው ፒስተን ላይ 1,000 ኪሎ ግራም ሊያነሣ ይችላል። ይህን ሕግ ወደ መሣሪያነት የለወጠው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ሲሆን፣ ለሃይድሮሊክ መጭመቂያው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1795 እ.ኤ.አ. ነው።

የመሣሪያው ኃይልም ድካምም ጎልቶ የታየው በ1849 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ በሜናይ ወሽመጥ ላይ የብሪታኒያ ድልድይ ሲሠራ ነው። ባቡር በውስጣቸው የሚያልፍባቸው፣ እያንዳንዳቸው 1,500 ቶን ያህል የሚመዝኑ የብረት ቱቦዎች በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ወደ ማማዎቹ ይነሡ ነበር። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ቱቦው ከፍ ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለው ክፍተት እግር በእግር እየተሞላ እንዲሄድ አዘዘ። በነሐሴ ወር የአንዱ መጭመቂያ ሲሊንደር ተሰበረ። ቱቦው ግን ስንዝር ያህል ወርዶ ከድጋፉ ላይ ዐረፈ። በኋላም እንደገና ተነሥቶ ድልድዩ በ1850 ለባቡር ተከፈተ። ስቲቨንሰን ለማንሣቱ መጭመቂያውን፣ ለመያዙ ድጋፉን መድቦ ነበር።

የተሳቢው ሕግም ይኸው ነው። ካሶኒውን አየር ላይ የያዘው ዘይት የሚጸናው ጎሚኒውና ቱቦው እስከቻሉ ድረስ ብቻ ነው። ቱቦ ቢፈነዳ፣ መገጣጠሚያ ቢላቀቅ ወይም አንድ ሰው የመቆጣጠሪያውን እጀታ ሳያስብ ቢነካ ካሶኒው ይወርዳል። ስለዚህ ለጥገና ከሥሩ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ጭነቱን ማራገፍ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን የብረት ድጋፍ መትከልና ለጎማዎቹ ታኮ ማድረግ ይገባዋል። የዘይት ክሪክ ይህን ድጋፍ ሊተካ አይችልም፤ እርሱም የቆመው በዚያው በዘይትና በጎሚኒ ነውና።

የሚያፈስ ቱቦን በእጅ ዳብሶ መፈለግም እጅግ አደገኛ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ ያልበለጠ ስንጥቅ በከፍተኛ ግፊት የሚተፋው ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ላይ ላዩን ኢምንት ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚሻ ነው። ፍሳሹን ለማየት ካርቶን ማስጠጋት ይበቃል፤ መገጣጠሚያ ከመፍታት በፊት ደግሞ ካሶኒውን አውርዶ ግፊቱን ማስወጣት ግድ ነው። ጭነት ሲደፋም ተሳቢው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩም ይረጋገጥ።

ድጋፍ መትከል ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። የሥራ ጥድፊያ በበረታ ቀን መጀመሪያ የሚዘለለውም እርሱ ነው። ነገ የጋራዥና የግንባታ ኃላፊ የምትሆኑ ተማሪዎች ሠራተኛን ከካሶኒ ሥር ከመላካችሁ በፊት «የያዘው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ዘይት» ከሆነ ሥራው ገና አልተጀመረም።