ሕፃኑ ወተት ሲቀምስ ያስመልሳል? እንጥል ከማስቆረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

"እንጥሉ ወርዶ ነው።" "ግግ ነው፣ ይውጣለት።" "ዓይን ነው።" ሕፃን ሲያስመልስ ወይም ሲያስቀምጠው፣ ንፋስ መውጫ ከተማም ሆነ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ገጠር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ይህ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ እናስቀድማለን፦ ልጁ ከመታመሙ በፊት ምን ቀመሰ? በተደጋጋሚ መልሱ ወተት ከሆነ የላም ወተት አለርጂ ሊሆን ይችላል።

ምንድን ነው?

የሰውነት መከላከያ በወተት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚመጣ ችግር ነው። ትልልቆቹ ወተት ስንጠጣ ሆዳችንን የሚነፋን ሌላ ነው፤ እሱ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅተን ነው። አለርጂው ብዙ ሕፃን የሚይዝ አይደለም፤ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ከ100 ሕፃናት 2 ወይም 3 ነው። ጡት ጠብቶ ትንሽ የሚያቀረሽ፣ ግን የሚጫወትና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው።

ፈጣን ምልክቶች (ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት)

• ሳማ የለበለበው የሚመስል፣ የሚያሳክክ ሽፍታ
• የከንፈር፣ የፊት ወይም የዓይን ቆብ እብጠት
• ድንገተኛ ትውከት
• ሳል ወይም ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ

ዘግይተው የሚመጡ (ከሰዓታት እስከ 2 ወይም 3 ቀን)

• ደም ወይም ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ
• የማይቆም ተቅማጥ ወይም የሚመላለስ ትውከት
• በቅባት የማይለቅ ችፌ
• ሲመገብ እየተወራጨ ማልቀስ፣ ክብደት አለመጨመር

አንዱ ምልክት አንድ ጊዜ ታየ ማለት አለርጂ ነው ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ወተት በቀመሰ ቁጥር መደጋገሙ ነው። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅስ?

እናት የጠጣችው ወተት ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ጡቷ ያልፋል። እናትየው ዐቢይ ጾምን ጾማ ከነበረ አስታውሱ፦ በ55ቱ ቀን ልጁ ተሽሎት ነበር? ፋሲካ ላይ ቅቤውና አይቡ ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ? ይህ ለሐኪም የሚነገር ጥሩ ፍንጭ ነው። ሐኪሞችም የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው፤ ወተትን ለ2 እስከ 4 ሳምንት አስቁመው፣ ከዚያ በክትትል መልሰው ይሞክራሉ። ጡት ማጥባት ግን አይቋረጥም።

ቤት ውስጥ የምንሳሳተው

• አራስ ልጅን ቅቤ ማዋጥ፦ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልግም፣ ውሃም ቢሆን። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አገራዊ ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ።
• "የፍየል ይስማማዋል"፦ ፕሮቲኑ በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹ ሕፃናት በፍየል ወተትም ይታመማሉ።
• "ይፈላለት"፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ አለርጂውን ግን አያስቀርም። እርጎ፣ አሬራና አይብም ያው ወተት ናቸው።
• "የጣሳ ወተት ይሻለዋል"፦ አብዛኛው የዱቄት ወተት ከላም ወተት የተሠራ ነው።
• "በጥቂት በጥቂት ይለምደዋል"፦ ያለ ሐኪም አትሞክሩት፤ አደጋ አለው።

እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ደግሞ ትውከቱንም ተቅማጡንም አያድኑም። የሚያመጡት ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው፤ ሕፃን ሊሞትባቸው ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስልካችሁን ተጠቀሙ። ሽፍታውን ፎቶ አንሱ፤ ሰገራው ደም ካለበት እሱንም። ልጁ ምን እንደቀመሰ፣ በስንት ሰዓት እንደቀመሰና ምልክቱ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ከዚያ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ጤና ጣቢያ አሳዩ። እነሱ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል።

የማይጠብቅ ነገር፦ ወተት ከቀመሰ በኋላ ምላሱ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም ገርጥቶ ከዛለ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል አሩጡት። እዚያ የሚሰጠው የአድሬናሊን መርፌ ሕይወት ያተርፋል።

ደግሞ አይዟችሁ፤ አብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ አለርጂው ይለቃቸዋል።

ሼር አድርጉት። ስማርት ስልክ ለሌላቸው እናትና አያቶቻችሁም አንብቡላቸው። ብዙ ቤት ውስጥ "እንጥሉ ነው" ብለው የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።