የጥንቸልን ዱካ ማንበብ



በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በመጀመሪያ ትምህርት ከተሰጠባቸው 5 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። በያኔው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ወላይታ አውራጃ፣ ገበሬው በገዛ ቋንቋው ፊደል የመቁጠር ዕድል አገኘ። ይሁን እንጂ ገበሬው ከፊደልም በፊት የሚያነበው ጽሑፍ ነበረው፤ እርሱም የአውሬ ዱካ ነው። የዛሬው ንግግራችን ሰው ጥንቸልን እንዴት አሳስቶ እንዳነበባትና እንዴት እየታረመ እንደ መጣ ይሆናል።

እስቲ በገሱባ ዝናብ ባደረ ማግሥት ወደ ማሳ ዳር ውጡ። ጥንቸል በሮጠችበት ጭቃ ላይ 4 ምልክት ታገኛላችሁ፦ ሁለት ትንንሽ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፤ ሁለት ረዣዥም፣ ጎን ለጎን። ታዲያ ወዴት ሄደች? ረዣዥሞቹ የኋላ እግር ናቸውና ከኋላ ይሆናሉ ያለ ሰው ተሳስቷል! ጥንቸል ስትሮጥ የፊት እግሮቿን በየተራ ታሳርፍና የኋላዎቹን አሳልፋ ከፊት ትተክላቸዋለች። ስለዚህ ረዣዥሞቹ ምልክቶች ያሉበት ወገን የሄደችበት አቅጣጫ ነው። የኋላ እግሮቿ ረዥምና ብርቱ በመሆናቸው ዳገት አይከብዳትም። ጠላት ሲያሳድዳት ቀጥ ብላ አትሮጥም፤ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈች ታመልጣለች።

መጻሕፍትስ? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ብሎ ከርኩሳን ይቆጥራታል። እንደ ላም የተከፋፈለ ጨጓራ የላትም። ነገር ግን አፏ ሲንቀሳቀስ ያየው ሰው በከንቱ አልተናገረም። ጥንቸል ካረፈች በኋላ የምትጥለውን ለስላሳ ፋንድያ መልሳ ትውጠዋለች፤ ምግቧም ሁለት ጊዜ በሆዷ ያልፋል። ይህንን ሞሮ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. ጻፈው።

ሊቁ ሊኔየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ከአይጥ ወገን መደባት። አሜሪካዊው ጊድሊ ግን በ1912 እ.ኤ.አ. ለያት፤ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ኋላ ሌላ ጥንድ ትንንሽ ጥርስ አላትና።

እኛም የምናሳስተው አለ። ለማዳዋንም የዱሯንም «ጥንቸል» እንላለን። ለማዳዋ ዘሯ ከአውሮፓ ነው፤ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ልጆቿም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የአገራችን የዱር ጥንቸሎች ግን ሌላ ናቸው፤ በሸዋ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ የምትኖረው አንዷ እንዲያውም ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። የዱር ጥንቸል ሣር ውስጥ ትተኛለች፤ ልጆቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ይወለዳሉ። እናቲቱ ጠላት እንዳይከተላት ቀኑን ሙሉ ትርቃቸዋለች፤ ሲመሽ መጥታ ታጠባቸዋለች።

እንግዲህ ከብት የምትጠብቁ ልጆች፣ ስሙ! ሣር ውስጥ ለብቻዋ የተጋደመች ግልገል ጥንቸል ብታገኙ «እናቷ ጥላታለች» ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዷት። አልተጣለችም፤ እየጠበቀች ነው። የወሰዳችኋት እንደሆነ እናቲቱ ማታ መጥታ ታጣታለች፤ ግልገሏም በእጃችሁ ትሞታለች።

ዱካም ሆነ ፊደል፣ ችኩል አንባቢ የኋላውን ከፊት ያደርጋል። ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ደኅና ሁኑ።